ሁለት ቆዳ በአንድ ብሎን

አንድ ብሎን ሁለት ቆዳ እንዲስብ አድርጎ ከበሮ የሠራውን ሰው አላውቀውም። አገሩ ባሕር ማዶ ነው፤ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለም አይመስለኝም። ባገኘው ግን እጁን ይዤ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር። የላይኛው ቆዳ በበትር የሚመታ፣ ወፍራምና ጉልበተኛ ነው። የታችኛው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ሥራውም መንቀጥቀጥ እንጂ መመታት አይደለም። ይህን እያወቅህ ሁለቱን በአንድ ብሎን አስረህ፣ አንዱ በጠበቀ ቁጥር ሌላውም በዚያው ጉልበት እንዲጎተት የፈረድህበት ምን አጥፍቶ ነው?

ይህን ጥያቄ ከዐሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። የተማርኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ማንበብና መጻፍ እንደቻልኩ ከትምህርት ቤት ወጥቼ አባቴ ቤት ወናፍ ወደ መንፋት ተመለስኩ። ስለ ሙዚቃ አታውቂም የሚለኝ ሰው ልክ ነው። ስለ ብሎን ግን አውቃለሁ።

ከበሮው ነቀምቴ የገባው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በሸራ ተጠቅልሎ፣ ከጋዝ በርሜልና ከጨው ጆንያ መሐል ታስሮ መጣ። ያመጣው ከሸዋ የተመደበ ወጣት የሙዚቃ መምህር ነበር፤ መለከት ይነፋል። አንድ ትልቅ የሙዚቃ ጓድ አዲስ ዕቃ ሲመጣለት የጣለውን ለምኖ አግኝቶ ነው። እሱ «ድራም» ይለዋል። ለእኛ ዐይን ግን አንድ ዕቃ አልነበረም፤ ቤተሰብ ነው። በእግር የሚመታ፣ ሆዱ እንደ ጎተራ የሆነ ትልቅ ከበሮ አለ። በእሱ ጀርባ ላይ በብረት ተደግፎ የተቀመጠ ትንሽ አለ። በሦስት ቀጫጭን እግሮች የቆመ የነሐስ ሳህን አለ። ከሁሉ ፊት የሚቀመጥ ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ ከበሮ አለ፤ ከታችኛው ቆዳው ሥር የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥረዋል። ሲመታ ሽቦዎቹ ቆዳውን እየነኩ፣ በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ያንጣጣሉ። መከራው ሁሉ የመጣው ከዚህ ከጠፍጣፋው ነው።

በዚያ ዓመት የከተማው ሰው አዋጥቶ ያሠራው አዲስ አዳራሽ ሊመረቅ ነበር። ቀኑ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ ሆነ። መምህሩ መለከት፣ አኮርዲዮንና ማንዶሊን የሚችሉ ሰዎች ሰብስቦ ለዚያ ቀን ያለማምዳል። ከበሮውን የሚመታው አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ ከከረሙ ሰዎች የተወለደ፣ ጢሙን የሚያሳምር፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው።

የወለጋን ክረምት ያላየ ሰው እርጥበት ቆዳን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ሐምሌ ሲገባ ጠፍጣፋው ከበሮ ላላ፤ ድምፁ እንደ እርጥብ ጆንያ ሆነ። ጸሐፊው ግን አልደነገጠም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲላላ ምን እንደሚደረግ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ቆዳው ይሞቃል፣ ይወጠራል፣ ያስተጋባል። እሱም ያንን የባሕር ማዶ ከበሮ ወስዶ ከሰል ዳር አስቀመጠው። «ጧ!» ሲል ሚስቱ ጥይት የተተኮሰ መስሏት ከአልጋ ሥር ገባች ይባላል። ስሱ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ተቀድዶ ነበር።

ሌላ የግልገል ቆዳ ተፍቆ ተወጠረ። አሁን እሳት ይቅር፣ በብሎኑ እናጥብቅ ተባለ። የላይኛው እስኪጠብቅ ብሎኑን ሲያዞሩት የታችኛው አብሮ እየተሳበ ሄዶ ተቀደደ። ሦስተኛም ተወጠረ፣ ሦስተኛም ተቀደደ። ምረቃው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ «እዚያ ታች ያለው ቱምቱ ጠብመንጃ ይጠግናል፤ እሱ ብረቱን ይየው» ብሎ አንድ ሰው ለመምህሩ ነገረው።

ቱምቱ አባቴ ነው። በኦሮምኛ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ግን የሥራ ስም ብቻ አልነበረም። ማጭድ ሠርቶ ሲጨርስ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ባለማጭዱ ከመሬት አንሥቶ ይወስዳል እንጂ ከእጁ አይቀበልም። ሠርግ ሲጠራ በጓሮ ይገባል፤ የሚበላው በኮባ ቅጠል ይቀርብለታል፣ ሰው የሚበላበት ሳህን እንዳይነካ። ልቅሶ ሲደርስ ከአጥር ውጭ ይቆማል። በዚያ ሁሉ ዕድሜው ከሰው ጋር በአንድ አግዳሚ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። እሱ ለምዶታል። እኔን ግን ያንገበግበኛል።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ብሶብኝ ነበር። የአዳራሹን ግንብ ለሠራው ሽማግሌ ግንበኛ፣ ጣሪያውን ለመታው አናጢ የጥሪ ወረቀት ደርሷቸዋል፤ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ እንዲቀመጡ። የበሮቹን ማጠፊያ ሁሉ፣ የመስኮቶቹን ፍርግርግ፣ የትልቁን በር መቀርቀሪያ የሠራው አባቴ ነው። ለእሱ ግን ወረቀት አልመጣም። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ከሰሉን አስገቢ» አለኝ።

መምህሩ በቡርቃ ጃቶ በኩል ያለውን ቁልቁለት ጭቃ እያቦካ፣ ከበሮውን በካፖርቱ ሸፍኖ መጣ። ደጃችን ደርሶ «እንደምን አደሩ» አለና ከበሮውን በአባቴ ሁለት እጆች ላይ አኖረው። መሬት ላይ አላስቀመጠውም። የአገሩን ልማድ ስላላወቀ ነው። አባቴ እጁ ላይ የመጣበትን ዕቃ ይዞ ለትንሽ ጊዜ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ሊያስቀምጠው ጎንበስ አለና ሐሳቡን ለውጦ አቅፎት ተቀመጠ።

ደጋግሞ አገላበጠው። ብሎኖቹን በጣቱ እየተከተለ ከላይኛው ቀለበት እስከ ታችኛው ወረደ። ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከላይ ራስ አላቸው፣ ከታች በዳዶ የተያዘ ጥርስ አላቸው፣ መሐል ላይ ምንም የሚይዛቸው ነገር የለም።

«መምህር» አለ በመጨረሻ፣ «ይህ ከበሮ ጤነኛ ነው። ሠሪው ነው ያሳመመው።»

«እንዴት?»

«ላይኛውን ሲያጠብቁ ታችኛውንም ያጠብቃሉ። ሰውየው ብረት ቆጥቧል። ስድስት ብሎን በሚበቃው ቦታ ለምን ዐሥራ ሁለት ላድርግ ብሎ ነው። ደረቅ አገር ይሆናል የሚኖረው።»

«ይስተካከላል?»

«መሐሉን የሚይዝ ነገር ካገኘ ይስተካከላል። ያኔ ላይኛው ለብቻው፣ ታችኛው ለብቻው ይሆናል።»

መምህሩ ደስ ብሎት «ታዲያ ምን ላድርግልዎ?» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ካሉኝ ይበቃል» አለ አባቴ።

«አይበቃም!» አልኩ እኔ ከወናፉ ጀርባ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አባቴ በዐይኑ ዝም በይ አለኝ። ዝም አላልኩም።

«አባቴ ምረቃው ቀን ከግንበኛውና ከአናጢው ጋር ፊት አግዳሚ ላይ ይቀመጥ። ሌላ ምንም አንፈልግም።»

መምህሩ ፈገግ አለ። «ወንበር ብቻ?»

«ብቻ አይበሉት። ቀላል ከሆነ ዛሬውኑ አስፈቅደው ይምጡ።»

አስፈቅዶም መጣ። የምረቃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አንድ ሀብታም የቡና ነጋዴ ነበር። «ከበሮው ይሠራ እንጂ ግዴለም» ብሎታል። ማታ አባቴ ተቆጣኝ። እኛ እርስ በርስ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው። «ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «የሰው ዕቃ ነው። ቢሰነጠቅብኝ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ቱምቱ ዐይኑ በላው ነው የሚሉት። ወንበሩን አምጥተሽ በላዬ ላይ ጫንሽው።»

ልክ ነበር። እኔ ያየሁት ወንበሩን ነው፤ እሱ ያየው ስንጥቁን ነው።

ስለዚህ እንጨቱን አልበሳም አለ። ከላሜራ ሰፊ ቀበቶ ቆረጠና በከበሮው ወገብ ዙሪያ አጥብቆ አሰረው፤ እንጨቱን እንዳይልጠው ከሥሩ ቆዳ አነጠፈ። ከቀበቶው ላይ ስድስት ጆሮ አወጣ። ብሎኖቹን በጆሮዎቹ ውስጥ አሳልፎ መሐላቸው ላይ ቀጥቅጦ አጣበቃቸው። የላይኛውን ራሳቸውን ቆርጦ፣ የጠብመንጃ ብሎን በሚያወጣበት ጥርስ ማውጫ እዚያም ጥርስ አወጣላቸውና ዳዶ አገባላቸው። አሁን ከላይ ስድስት ዳዶ፣ ከታች ስድስት ዳዶ ሆነ። ላይኛው ሲዞር ታችኛው ንቅንቅ አይልም። እኔ በደስታ ዘለልኩ።

ከዚያ መታነው። ድፍን አለ። ትራስ የመታን ነው የሚመስለው።

አባቴ ከበሮውን ጉልበቱ ላይ አደረገው። እኔ በጥፍሬ እንጨቱን መታ መታ አደረግሁ። ከቀበቶው በላይ ሲመታ ይናገራል፤ ቀበቶው ያለበት ቦታ ዝም ይላል። ገባኝ።

«አባኮ» አልኩት፣ አባቴ ማለት ነው፣ «ወገቡን አንቀነዋል። እንጨቱም ከቆዳው ጋር መንቀጥቀጥ አለበት። ቀበቶውን ጣለውና ጆሮዎቹ ብቻ ይቅሩ። እያንዳንዳቸው በአንድ ትንሽ ብሎን እንጨቱ ላይ ይያዙ።»

«ይበሳ ነው የምትይው?»

«ስድስት ቀዳዳ ብቻ።»

«ቢሰነጠቅስ?»

«ቢሰነጠቅ እኔ ነኝ ያልኩት። ለመምህሩ እኔ እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ መምህሩን ጠርተን ጠየቅነው። ዕቃው የእሱ ነው፤ ሳይፈቅድ መብሳት አግባብ አይደለም። ፈራ ተባ አለና «ይብሱት» አለ። አባቴ ቀጭን ብረት አግሎ እንጨቱን እያቃጠለ በሳው፤ በመዶሻ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ስድስቱም ቀዳዳዎች አንድ ስንጥቅ ሳይወጣባቸው አለቁ። ጆሮዎቹን አሰረ፤ ብሎኖቹን መለሰ፤ የታችኛውን ስስ ቆዳ በልኩ፣ የላይኛውን በልኩ ወጠረ። ለመምህሩ በትሩን ሰጠው።

መምህሩ አንዴ መታው። ድምፁ ግቢያችንን አቋርጦ ወንዙ ማዶ ካለው ቤት ግድግዳ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ደግሞ ቀስ አድርጎ በጣቶቹ ጫፍ ነካው፤ በሹክሹክታም ይናገራል። ሰውየው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«አዲሶቹ ከበሮዎች እንዲህ ሆነው ነው የሚሠሩት» አለ። «አዲስ አበባ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው አሮጌውን አመጡ?» አለ አባቴ።

ሠሪውን ስነቅፍ ደጉንም ልናገርለት ይገባል። የነሐሱን ሳህን የተሸከመው መቆሚያ የተባረከ ሥራ ነው። ሦስቱ እግሮች ሲዘረጉ መሬት ላይ ልጥፍ ይላሉ፤ ሲታጠፉ እንደ ጃንጥላ አንድ ዘንግ ይሆናሉ። አባቴ ደጋግሞ እያጠፈና እየዘረጋ «ይህን የሠራው ሰው ሸክም ያውቃል» አለ። ቀላል በመሆኑ ሳህኑ ሲመታ ይወዛወዛል፣ መወዛወዙም ድምፁን ያረዝመዋል፤ ግን ከእግሮቹ ወጣ አድርገው ካንጠለጠሉት ይወድቃል። የእግሩ ከበሮ ግን ሌላ ጉድ ነው። እንዳይንሸራተት የተደረጉለት ሁለት ሹል ብረቶች እንጨት ወለል ላይ ይነክሱ ይሆናል፤ የእኛ አዳራሽ መድረክ ሲሚንቶ ነው። በልምምዱ ቀን ጸሐፊው በእግሩ በመታ ቁጥር ከበሮው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጸሐፊውም ከነወንበሩ እየተከተለው መድረኩ ጫፍ ደረሰ። ሁለተኛው መለከት ነፊ መንፋቱን ትቶ «ጌታዬ፣ ወዴት እየሄዱ ነው? ጊምቢ ሩቅ ነው!» አለው። አባቴ ካረጀ በረባሶ ላይ ጎማ ቆርጦ ለሹሎቹ ጫማ አደረገላቸው። ከዚያ ወዲያ ከበሮው ከቦታው አልተነቃነቀም።

የምረቃው ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። አባቴ ያለውን ነጭ ጋቢ ለበሰ፤ እኔ የከበሮውን መፍቻ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። ዳዶዎቹን የሠራው እሱ ስለሆነ የሚፈታቸውም እሱ የሠራው አንድ መፍቻ ብቻ ነበር። ውስጥ ስለምንቀመጥ እኛ ጋ ይሁን ተባብለን ነው።

ከሰዓት በኋላ በትልቁ በር ደረጃ ላይ ሰብሳቢው ቆሞ እንግዳ ያስገባል። ባርኔጣ አድርጓል፤ በእጁ ዝርዝር ይዟል። ለሁሉም «ይግቡ፣ ይግቡ» ይላል። ተራው እኛ ዘንድ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ አገደን።

«አንተ» አለው አባቴን፣ «በጓሮ ዙር። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከዚያ ሆነህ ትሰማለህ።»

«መስኮት ለነፋስ ነው» አልኩ። «አባቴ ወንበር ተፈቅዶለታል። እርስዎ ነዎት የፈቀዱት።»

«እኔ የፈቀድኩት ከበሮው እንዲሠራ ነው።»

«ከበሮውማ ተሠራ!»

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴትዮ «ወይ ምላስ! ቱምቱ ቤት ምላስም ይሳላል እንዴ?» አለች።

«ይሳላል፣ እትዬ» አልኳት። «ቢላዎ ሲዶለዱምብዎ የሚመጡት የት ሆነና?»

አሁን ሳቁ በእሷ ላይ ሆነ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። አባቴ እንደ ልማዱ ወደ ጓሮ ሊዞር ፊቱን አዞረ፤ እኔ ጋቢውን ይዤ አስቀረሁት። «ካልገባን እዚሁ እንቆማለን» አልኩት። ለሚገባው ሰው ቦታ ለቅቀን ደረጃው ጎን፣ ዝናቡ ውስጥ ቆምን። እንግዳው ሁሉ እያየን አለፈ። አባቴ አንገቱን ደፍቷል። በሕይወቴ የዚያን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ የለም፤ አሳፋሪው ግን እኔ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር።

በሩ ተዘጋ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ሙዚቃው ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፈን እንደ ሰይፍ የጠራ ነበር። በሁለተኛው ላይ ጆሮዬ ሰማ፤ ከበሮው መላላት ጀምሯል። ያን ሁሉ እርጥብ ልብስ፣ ያን ሁሉ ትንፋሽ አስቡት፤ በሩ ተዘግቶ ቆዳው ውኃውን ይጠጣል። በሦስተኛው ላይ የሽቦዎቹ ድምፅ ጠፋ።

አባቴን አየሁት፤ እሱም ሰምቷል።

በኋላ «መፍቻውን ደብቃ አስገደደች» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ውሸት ነው። በሩን ደበደብኩ። ሰብሳቢው ሲከፍት መፍቻውን ከነጠላዬ ፈትቼ ሰጠሁት። «ለመምህሩ ይስጡልኝ። ከበሮው ላልቷል፤ ያጥብቁት» አልኩ። የእኛ መብት የእኛ ነው፤ የከበሮው ድምፅ ደግሞ የመላው ከተማ ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማበላሸት አልፈለግሁም።

መፍቻው ገባ። መምህሩ መለከቱን አስቀምጦ ሲያጠብቅ በበሩ ክፍተት እናያለን። ግን እንደ ጋሪ ጎማ ነው ያጠበቀው፤ አንዱን ዳዶ እስኪችል፣ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን እስኪችል። ቆዳው ወደ አንድ ጎን ተጎተተ። ጸሐፊው ሲመታው ፍየል የጮኸች መሰለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው በትሩን አስቀመጠ።

መምህሩ ከመድረኩ ወርዶ በሰው መሐል እየተጋፋ በሩ ድረስ መጣ። እኛን ዝናብ ላይ ሲያይ ፊቱ ቀላ።

«ለምን ውጭ ሆናችሁ?»

ሰብሳቢው «በል፣ ይግባና አጥብቆ ይውጣ» አለ።

ያኔ አባቴ ቀና አለ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አጥብቄ መውጣት አይሆንም» አለ። «በዚህ ዝናብ ቆዳው በየዘፈኑ ይላላል። እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። አለዚያ ካሁኑ ይቅር።»

እውነቱን ነው የተናገረው፤ የማንንም ልብ ለማሸነፍ አላሰበም። ሰብሳቢው ወደ አዳራሹ ዞሮ አየ። ሦስት መቶ ሰው ወደ በሩ ያያል። የአውራጃው ሹማምንት ፊት ተቀምጠዋል። ከደጃፉ ገለል አለ።

አባቴ በትልቁ በር ገባ። እኔ ከኋላው። ከጋቢው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ አግዳሚዎቹ መሐል ለመሐል ሄደ። መድረኩ ላይ ወጥቶ ከበሮውን ጉልበቱ ላይ አደረገና በመጀመሪያ ያጠበቁትን ሁሉ አላላው። ከዚያ አንዱን ዳዶ ሩብ ዙር፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሌላውን ከነፊት ለፊቱ። በየብሎኑ አጠገብ በጥፍሩ መታ እያደረገ ጆሮውን ያስጠጋል። ስድስቱ አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ አልተወም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የጥፍሩ ድምፅና የዝናቡ ብቻ ነበር። ገልብጦ የታችኛውን በጥቂቱ ነካው። ለጸሐፊው ሰጠው።

ጸሐፊው በሁለቱ በትሮች አንቀጠቀጠው። በረዶ ወረደ! ሕዝቡ ሳያስበው «እሰይ!» አለ።

አባቴ መፍቻውን ለእኔ ሰጠኝ። «ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል» አለው መምህሩን። «እሷ አጠገቡ ትቀመጥ።» እኔ መድረኩ ላይ፣ ከወንዶቹ መሐል፣ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ከመድረኩ ወርዶ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ፤ እግሩ ወደዚያ ለምዶ ነው።

ፊት አግዳሚ ላይ ያ ሽማግሌ ግንበኛ ተቀምጦ ነበር። በኦሮምኛ፣ ለታላቅ ሰው በሚነገረው አነጋገር፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ኮታ፣ አስ ታኣ!» አለው። ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ ማለት ነው። የአገሬው ሰው አባቴን እንዲህ ብሎ ሲጠራው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከግንበኛው አጠገብ የነበረ አንድ ሰውዬ ልብሱን ሰብስቦ ተነሥቶ ሄደ። ግንበኛው አየት አደረገውና «ደግ፣ ሰፋልን» አለ። በዚያ ዙሪያ ያሉት ፍርስ አሉ። አባቴ ተቀመጠ።

እስከ አመሻሹ ድረስ ተጫወቱ። በየዘፈኑ መሐል ጎንበስ ብዬ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እላለሁ። የላይኛው ሲላላ የላይኛውን፣ የታችኛው ሲላላ የታችኛውን፤ አንዱ በሌላው ጥፋት አይጎተትም። ሰብሳቢው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ለእሱ የተያዘው ወንበር በግርግሩ መሐል ተወስዶበታል። እኔ አይደለሁም የወሰድኩት።

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሹማምንቱ ተነሡ፣ አናጢው ተነሣ፣ ሽማግሌው ግንበኛ በዱላው ተደግፎ ተነሣ። ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ ሳትቀር ቆማ ታጨበጭባለች። ከፊት አግዳሚ ላይ አባቴ ብቻ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ያልገባው መስሎኝ ከመድረኩ ዘልዬ ወረድኩና ጆሮው ሥር ጎንበስ አልኩ።

«አባኮ፣ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ተነሥ እንጂ።»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ኋላ ደገፍ አለ።

«እኔ ስንት ዓመት ቆሜአለሁ» አለ። «ዛሬ እነሱ ይቁሙ።»